የጦር አውሮፕላን አብራሪነትና ጤና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪ ለመሆን ለሚያስቡ፣ ገብተው በሥልጠና ላይ ላሉ ወጣቶችና ለወላጆቻቸው የተዘጋጀ ነው። ቁጥሮቹ የአሜሪካ አየር ኃይል ናቸው። ባሕር ኃይሉና ምድር ጦሩ የየራሳቸው መመሪያ አላቸው፤ የኢትዮጵያ አየር ኃይልም እንዲሁ። መመሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው የበረራ ሐኪም ነው። ሰውነት ሰማይ ላይ የሚደርስበት ነገር ግን በየትኛውም ባንዲራ ሥር አንድ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጤነኛ ነኝ፤ ሐኪም ቤት ረግጬ አላውቅም። ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን አስፈለገ?

የበረራ ሐኪም ሥራ «ምን ያምሃል?» ብሎ መድኃኒት መጻፍ ብቻ አይደለም። ሦስት ነገር ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ሰው በድንገት ራሱን የሚያስተው ወይም እጁን የሚያስር ነገር አለበት ወይ? ያለበት ነገር ከፍታ፣ የስበት ጫናና የውኃ ጥም ሲጨመርበት ይብሳል ወይ? ሆስፒታል ወደሌለበት ቦታ ቢላክስ ጤናው እንደጸና ይቆያል ወይ?

የኩላሊት ጠጠርን እንይ። ጠጠር ያለበት ሰው ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። ጠጠሩ ቦታውን የለቀቀ ቀን ግን ሕመሙ ሰውን መሬት ላይ ያንከባልላል። ባለ አንድ ወንበር ጄት ውስጥ በቀበቶ ታስሮ ለተቀመጠ አብራሪ መንከባለያም የለም፣ መሪውን የሚቀበለው ሰውም የለም። ብዙ አብራሪዎች ደግሞ በረራ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ውኃ ስለሚቀንሱ ለጠጠሩ ራሳቸው መንገድ ይጠርጉለታል። ስለዚህ ጠጠር የተገኘበት አብራሪ «ከበረራ ይወርዳል»፣ ማለትም እንዳይበር ይታገዳል፤ ጠጠሩ ወጥቶ፣ ሌላ አለመቅረቱ በምስል ታይቶ፣ መንስኤው በደምና በሽንት ከተመረመረ በኋላ ተመልሶ ሊበር ይችላል።

«ክፍል አንድ» እና «ክፍል ሁለት» የሚባሉት ምንድን ናቸው?

ክፍል አንድ ወደ አብራሪነት ሥልጠና ለሚገባ ሰው የሚጠየቀው መለኪያ ነው። ክፍል ሁለት ሥልጠናውን ጨርሶ ክንፉን ለተቀዳጀ አብራሪ፣ ክፍል ሦስት ደግሞ ለሌሎች የበረራ ሠራተኞች ነው። ጥብቁ ክፍል አንድ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፦ አየር ኃይሉ ገና ምንም ያላወጣበትን ሰው መተው አይከብደውም፤ ሚሊዮኖች ያፈሰሰበትን አብራሪ ግን በትንሽ ነገር አይለቀውም። ስለዚህ አንድ አንጋፋ አብራሪ ያው ሕመም እያለበት ሲበር አይተው «እኔን ለምን ከለከሉኝ?» ብለው አይገረሙ። የመጀመሪያው ምርመራ በአካባቢው ጦር ሰፈር ይደረጋል፤ ጥልቁ ማጣሪያ ደግሞ ኦሃዮ በሚገኘው ራይት ፓተርሰን የጦር ሰፈር ነው።

መነጽር አደርጋለሁ። አብቅቶልኛል ማለት ነው?

አይደለም። በዚህ የተሳሳተ ወሬ ምክንያት ማመልከቻ ሳያስገቡ የቀሩ ወጣቶች ያሳዝናሉ። ለክፍል አንድ የሚጠየቀው የርቀት እይታ ያለ መነጽር 20/70 (ጤነኛ ዓይን ከ70 ጫማ የሚያየውን ከ20 ጫማ ማየት)፣ በመነጽር ደግሞ 20/20፣ ማለትም ሙሉ እይታ፣ ነው። ከዚያ የባሰ ቢሆን እንኳ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይቻላል፤ አብራሪዎቹ ራሳቸው «ዌቨር» ነው የሚሉት።

የሌዘር ቀዶ ሕክምናም ተፈቅዷል። ፒአርኬ የሚባለው ቀደም ብሎ የተፈቀደ ሲሆን፣ ላሲክ ለፈጣን ተዋጊ ጄት አብራሪዎች የተፈቀደው በ2007 ነው። ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። ከሕክምናው በፊት የነበረው የመነጽር ቁጥር ከነሰነዱ ይጠየቃል፤ በቅርብ ማየት ብቻ የሚችል ሰው የመነጽሩ ቁጥር ከ8 ዲዮፕተር (የመነጽር ኃይል መለኪያ) በላይ ከነበረ ችግር ነው። ከሕክምናው እስከ መግቢያ ምርመራው ደግሞ ቢያንስ 180 ቀን ማለፍ አለበት። ሰነዱ ጠፍቶባቸው የሚንከራተቱ ብዙ ናቸውና፣ የዓይን ሐኪሙ ከሕክምናው በፊት የለካውን ወረቀት ያኔውኑ ተቀብለው ያስቀምጡ።

ከመነጽር ይልቅ በሩን የሚዘጋው ኬራቶኮነስ ነው፤ የዓይን መስታወት መሳዩ ክፍል እየሳሳ ወደ ፊት ሾጥጦ የሚወጣበት ሕመም። የዓይን አለርጂ ኖሮባቸው በልጅነታቸው ዓይናቸውን አዘውትረው ያሹ ልጆች ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ አገር ቤት ብዙ ልጅ በዚህ አለርጂ ይሠቃያል። ኬራቶኮነስ መጀመሪያ ላይ በተራ የፊደል ሰሌዳ አይታወቅም፤ የዓይኑን ገጽ ቅርጽ የሚያነሳ መሣሪያ ነው የሚያገኘው። እንዲህ ያለ ዓይን ላይ ሌዘር ቢደረግ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ዓይኑን የሚያሽ ልጅ ካለዎት አለርጂውን ዛሬ ያሳክሙት።

ቀለም መለየትም ይፈተናል። የአሁኑ ፈተና ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን የሚቀበሉትን የዓይን ሕዋሳት ለየብቻ ስለሚለካ እንደ ድሮው ቁጥር ሸምድዶ ማለፍ አይቻልም። የርቀት ግምትም ይለካል።

በልጅነቴ አስም ነበረብኝ።

መስመሩ 13ኛው የልደት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የነበረና የጠፋ አስም ብዙ ጊዜ አያግድም። ከዚያ በኋላ ሐኪም «አስም» ብሎ ከጻፈ ወይም መንፊያ (ኢንሄለር) ካዘዘ ግን መለኪያውን አያሟሉም፤ በልዩ ፈቃድ ለመታየት የሳንባ ምርመራ ያስፈልጋል። ለብሮንካይትስ (ለአየር ቧንቧ ብግነት) የታዘዘ መንፊያ በመዝገብ ላይ «አስም» ተብሎ ተጽፎ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የራስዎን የሕክምና መዝገብ አስቀድመው አውጥተው ያንብቡ።

አገር ቤት ነው ያደግኩት። የቲቢ ምርመራዬ «ፖዘቲቭ» አለ፤ ጨጓራም አለብኝ።

በክንድ ቆዳ ላይ የሚደረገው የቲቢ ምርመራ በልጅነት በተወሰደ ቢሲጂ ክትባት ምክንያት ሊያብጥ ይችላል። በደም የሚሠራው ምርመራ በክትባቱ አይታለልም፤ እሱን ይጠይቁ። በደሙም ከታየና ደረት ራጅ ንጹሕ ከሆነ የተኛ ቲቢ ነው ማለት ነው፤ ታክመው መጨረስዎን የሚያሳይ ሰነድ ካለ መንገዱ ክፍት ነው። ሥር የሰደደ የጉበት ቫይረስ፣ በተለይ ሄፓታይተስ ቢ፣ ግን ከባድ መሰናክል ነው።

«ጨጓራ» እኛ ዘንድ ሰፊ ቃል ነው፤ ቃርም፣ ቁስለትም፣ የሆድ መነፋትም ጨጓራ ይባላል። ለበረራ ሐኪም ግን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው። ቃር በመድኃኒት ይያዛል። የደማ ቁስለት ግን ሰማይ ላይ ሊደማ የሚችል ቁስለት ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ «ጨጓራ አለብኝ» የሚለውን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሱ ቁስለት ብለው እንዳይጽፉ፤ በመሣሪያ ታይቶ የተረጋገጠው ምን እንደሆነ ብቻ ይጻፉ።

ቁመቴ አጭር ነው።

እስከ 2020 ድረስ ደንቡ ቆሞ ከ64 እስከ 77 ኢንች፣ ተቀምጦ ደግሞ ከ34 እስከ 40 ኢንች ነበር። በዚያ ዓመት አየር ኃይሉ ጥቅል የቁመት ገደቡን አነሳው። አሁን የእግርና የእጅ ርዝመት እየተለካ በየትኛው አውሮፕላን መብረር እንደሚቻል ይወሰናል። ክብደት ግን በአደጋ ጊዜ አብራሪውን ከአውሮፕላኑ በሚያስወጣው ማስፈንጠሪያ ወንበር ምክንያት ይታያል፦ በጣም ቀላል ሰው ሲፈነጠር አንገቱ ይጎዳል። በ2015 ከ136 ፓውንድ በታች የሚመዝኑ አብራሪዎች ኤፍ-35 የተባለውን ተዋጊ ጄት እንዳያበሩ የታገዱት በዚህ ነው፤ እገዳው የተነሳው ወንበሩና ሄልሜቱ ተሻሽለው በ2017 ነው።

ለተራ ጉንፋን ከበረራ መውረድ አይበዛም?

አይበዛም። ምክንያቱን ያልገባው ሠልጣኝ አንድ ቀን በጆሮው ይማረዋል።

ከከበሮው ጀርባ ያለው የጆሮ ክፍል በአየር የተሞላ ነው፤ ከአፍንጫ ጀርባ ጋር የሚያገናኘው አንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ ነው። በ18,000 ጫማ ላይ ያለው የአየር ግፊት ምድር ላይ ካለው ግማሽ ነው፤ የታፈነ አየር እዚያ ሲደርስ እጥፍ ይሆናል። ሲወጡ ትርፉ አየር ቱቦውን ገፍቶ በራሱ ይወጣል፤ ጆሮ «ጧ» ሲል ይሰማል። ሲወርዱ ግን ይገለበጣል፦ አየር መግባት አለበት፣ ቱቦው ደግሞ ለመግባት በራሱ አይከፈትም። ጤነኛ ሰው በመዋጥ ወይም አፍንጫን ይዞ ቀስ ብሎ በመንፋት ይከፍተዋል። በጉንፋን ያበጠ ቱቦ ግን አይከፈትም። የግፊት ልዩነቱ ከ80 እስከ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ ቱቦው ይቆለፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው መንፋት ሁሉ ከንቱ ነው። ከበሮው ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ይደማል፣ ሊቀደድም ይችላል። ሕመሙ ላይ ማዞር ሲጨመር አብራሪው የአውሮፕላኑን አቅጣጫ መለየት ያቅተዋል።

በረራ ላይ ጆሮ ከተደፈነ መውረዱን ያቁሙ። ሕመሙ እስኪቀንስ ተመልሰው ይውጡ፣ እዚያ ላይ ጆሮውን ይክፈቱ፣ ከዚያ በዝግታ ይውረዱ። ብዙ አብራሪዎች ኦክሲሜታዞሊን የሚባል የአፍንጫ መርጫ በኪሳቸው ይይዛሉ። ያ ግን ለመውረጃ ነው፤ ጉንፋን ይዞ ለመነሳት አይደለም። መርጫው መሀል መንገድ ላይ ኃይሉን ሲጨርስ እብጠቱ ተመልሶ ይመጣል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር፦ ለረጅም ሰዓት ንጹሕ ኦክስጅን ሲተነፍሱ ከዋሉ፣ ጆሮ ውስጥ የቀረው ኦክስጅን ማታ በእንቅልፍ ላይ በሥጋ ተመጥጦ ጠዋት ጆሮ ተደፍኖ ይገኛል። ከበረራ በኋላ ከመተኛት በፊት ደጋግመው ጆሮዎን ይክፈቱ።

ሳይነስም፣ ሙሌቱ ውስጥ አየር የቀረበት ጥርስም በዚሁ ሕግ ይታመማሉ።

ደጋ ነው የተወለድኩት። የኦክስጅን እጥረት ከሌላው ያነሰ ይጎዳኛል?

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አይጠቅምዎትም። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 7,600 ጫማ ግድም ላይ ነው። የመንገደኛ አውሮፕላን የውስጥ ግፊት ቢበዛ የ8,000 ጫማን ያህል ስለሆነ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ለጥቂት ሰዓት የአዲስ አበባ ሰው ይሆናል ማለት ይቻላል። በደጋ ያደገ ሰውነት ለ8,000 ወይም ለ11,000 ጫማ የተመቸ ነው። ተዋጊ ጄት ግን 40,000 ጫማ ይወጣል።

ግፊት ወይም ኦክስጅን በድንገት ቢቋረጥ ትክክል ለማሰብ የሚቀረው ጊዜ በ25,000 ጫማ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በ35,000 ጫማ ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ነው። መስኮት ተሰብሮ አየሩ በአንዴ ከወጣ ይህ በግማሽ ይቀንሳል። ክፋቱ ደግሞ አያምም። አንዳንዱን ያስቀዋል፣ አንዳንዱን ያሞቀዋል፣ የሌላው ጥፍር ይጠቁራል፣ የሌላው ጣት ይነዝረዋል። በነሐሴ 2005 ግሪክ ሰማይ ላይ የውስጥ ግፊቱን አጥቶ ለሬዲዮ ጥሪ መልስ ያልሰጠ የመንገደኛ አውሮፕላን ሊያዩ የወጡ የኤፍ-16 ተዋጊ ጄት አብራሪዎች በመስኮት ያዩት ረዳት አብራሪውን ወንበሩ ላይ ተደፍቶ ነው፤ 121 ሰው አለቀ።

ስለዚህ እያንዳንዱ ሠልጣኝ በቁጥጥር ሥር ኦክስጅን እየተቀነሰበት የራሱን የመጀመሪያ ምልክት እንዲያውቅ ይደረጋል፤ ትምህርቱም በየ5 ዓመቱ ይታደሳል። ምልክቱ ለአንድ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። የእርስዎ የጣት መንዘር ከሆነ፣ ጣትዎ የነዘረ ቅጽበት ሳይከራከሩ ንጹሕ ኦክስጅን በግፊት ይክፈቱና ከ10,000 ጫማ በታች ይውረዱ።

በስበት ጫና ራስን መሳት ምን ማለት ነው? ጠንካራ ሰውስ ይስታል?

ይስታል። 1 ጂ ማለት ቆመን የምንሸከመው የራሳችን ክብደት ነው። በ9 ጂ 80 ኪሎ የሚመዝነው ሰው 720 ኪሎ ይሆናል፤ ጭንቅላቱና ሄልሜቱ አንድ ላይ 6 ኪሎ ቢሆኑ አንገቱ ግማሽ ኩንታል ይሸከማል። ደምም ይከብድና ወደ እግር ይወርዳል። መጀመሪያ ቀለም ይደበዝዛል፣ ቀጥሎ እይታ እንደ ቱቦ ይጠባል፣ ቀጥሎ ይጨልማል፣ ከዚያ ራስን መሳት ነው። ጫናው በድንገት ከመጣ ግን እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ ይዘለላሉ፤ አንጎል ለጥቂት ሴኮንድ የሚበቃ ኦክስጅን አለው፣ እሱ ሲያልቅ መብራቱ በአንዴ ይጠፋል። ከዚያ ወደ 12 ሴኮንድ ሙሉ በሙሉ መሳት፣ ቀጥሎ ሌላ 12 ሴኮንድ ያህል ነቅቶ ግራ መጋባት አለ። በፍጥነት ወደ መሬት ለሚወርድ ጄት 24 ሴኮንድ ዕድሜ ልክ ነው።

እግርንና ሆድን የሚጨምቀው ጂ-ሱት የሚጨምረው 1 ወይም 1.5 ጂ ያህል ብቻ ነው። ትልቁን ሥራ የሚሠራው የአብራሪው ጡንቻ ነው። ጫናው ከመምጣቱ በፊት ባትን፣ ጭንን፣ መቀመጫንና ሆድን አጥብቆ መወጠር፤ ጥልቅ ትንፋሽ ወስዶ ጉሮሮን ዘግቶ መግፋት፤ በየ3 ሴኮንዱ በጣም ፈጣን የትንፋሽ ልውውጥ አድርጎ እንደገና መዝጋት። የሚበላሸው ሦስት ቦታ ላይ ነው፦ ዘግይቶ መጀመር፣ ትንፋሹን ሲለውጡ ብዙ አየር ማውጣት፣ እያወሩ እግርን ማላላት።

ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ ተገልብጦ ወይም መሪውን ወደ ፊት ገፍቶ ከቆዩ በኋላ መሪውን ወደ ራስ መሳብ ነው። ደም ወደ ራስ ሲሞላ ልብ ይዘገያል፣ የደም ሥሮች ይላላሉ፤ ወዲያው ሲሳብ ሰውነት አይደርስም። በሚያዝያ 2018 ኔቫዳ ውስጥ የትርኢት በረራ ቡድን አባል የሆነ ብርቱ የኤፍ-16 አብራሪ ሕይወቱ ያለፈው፣ ተገልብጦ ከቆየ በኋላ ወደ 8.5 ጂ ሲስብ ራሱን ስቶ ነው። የጤናም የጉብዝናም ጉድለት አልነበረበትም።

እጾማለሁ። መብረር እችላለሁ?

ጾም በራሱ የሚያግድ ሕመም አይደለም። የሚያስፈራው የውኃ ጥምና የስኳር መውረድ ነው፤ ውኃ ያጣ ደም መጠኑ ስለሚቀንስ በጫና ጊዜ ወደ ራስ የሚደርሰው ያንሳል። በዓቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ባዶ ሆዱን ረፋድ ላይ የ7 ጂ ልምምድ ቢገጥመው አደጋ ነው። በረመዳን ደግሞ ውኃም የለም። የሚሠራው መንገድ ጾሙ ሳይገባ ለበረራ ሐኪሙና ለመርሐ ግብር አውጪው መንገር ነው፤ በረራውን ከመግደፊያው በኋላ ማድረግ ወይም በጾሙ ቀናት የምድር ሥልጠና መያዝ ይቻላል። የነፍስ አባትዎን ወይም ኢማምዎን ማማከርም የሚያሳፍር አይደለም። የጾም ምግቡ ራሱ፣ ሽሮውም ምስሩም፣ ምንም ችግር የለበትም፤ ከበረራ በፊት በነበረው ማዕድ ባቄላና ሽንብራ ማብዛት ግን ሆድ ውስጥ የሚነፋ አየር ነው፤ ከላይ ያልነው ሕግ እዚህም ይሠራል።

ያለ ሐኪም ፈቃድ ምን መውሰድ እችላለሁ?

ከሚያስቡት ያነሰ። ከሱፐርማርኬት የሚገዙ የጉንፋንና የአለርጂ ክኒኖች ብዙዎቹ ያስተኛሉ። ለአለርጂ ሎራታዲን እና ፌክሶፈናዲን በሐኪም ፈቃድ፣ መጀመሪያ ምድር ላይ ተሞክረው ይፈቀዳሉ፤ ሴቲሪዚን አይፈቀድም። ዳማከሴም ሆነ ጤና አዳም መጠናቸው ያልተለካ ስለሆነ ለሐኪሙ ሳይነግሩ አይጠጡ። ጫት ግን ጨርሶ አይታሰብም፦ ውስጡ ያለው ካቲኖን በአሜሪካ ሕግ በመጀመሪያው የተከለከሉ ዕፆች ረድፍ ላይ ነው፤ ለእረፍት አገር ቤት ሄደው ቢቅሙም ያው ነው። ከካናቢስ ዘር የሚሠሩ ዘይቶችም እንዲሁ ናቸው።

አልኮል ከበረራ 12 ሰዓት በፊት ይቆማል፤ ጠላና ጠጅም አልኮል ናቸው። ደም ከለገሱ 72 ሰዓት፣ በአየር ታንክ ከጠለቁ 24 ሰዓት ይጠብቁ። ከበረራ በፊት ያለው የ12 ሰዓት ዕረፍት ውስጥ ያልተቋረጠ 8 ሰዓት የሚተኙበት መኖር አለበት።

ለእረፍት ኢትዮጵያ ልሄድ ነው። የወባ መከላከያስ?

አዲስ አበባ ብቻ ከሆኑ ወባ የለም። ወደ ቆላ ከወረዱ ዶክሲሳይክሊን ወይም አቶቫኮን ፕሮጓኒል ይታዘዛል። ሜፍሎኩዊን ለአብራሪ አይሰጥም፤ ማዞርና ቅዠት ያመጣል። የዘመድ ሐኪም «ይኼ ይሻላል» ብሎ ቢሰጥዎ አይቀበሉ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት አገራችን ውስጥ አለ፤ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ስለሚነሳ፣ ተመልሰው ትኩሳት ከያዘዎት የሄዱበትን አገር ሳይጠየቁ ይናገሩ። እሱን ከጉበት የሚያጸዳው መድኃኒት ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያነሰውን ሰው ደም ያፈርሳል፤ ምርመራው ቀድሞ ይሠራል።

ያስመልሰኛል።

አብዛኛው ሠልጣኝ ይለምደዋል። ካልለመደ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ጭንቅላቱን እያዘነበለ በደረጃ የሚለማመድበት ሥልጠና አለ። የባሰው ስህተት በድብቅ የማቅለሽለሽ ክኒን መዋጥ ነው፤ ያስተኛል።

ከበረራ ወረድኩ። ሥራዬ አበቃ?

አብዛኛው መውረድ ጊዜያዊ ነው፤ ለጉንፋን ጥቂት ቀን፣ ለስብራት ጥቂት ሳምንት። «ዲኒፍ» ይሉታል፤ ከበረራ በቀር ሌላውን ሥራ ይሠራሉ ማለት ነው። የመውረጃውም የመመለሻውም ወረቀት አንድ ዓይነት ቅጽ ነው፤ የበረራ ሐኪሙ ሳይፈርም ደህና ሆኛለሁ ብሎ መብረር የለም። ሕመሙ የሚቆይ ከሆነ የልዩ ፈቃድ ፋይል ይከፈታል፦ ሙሉ ታሪክ፣ ምርመራዎች፣ የስፔሻሊስት አስተያየት፣ ክትትሉ በየስንት ጊዜ እንደሚሆን። ፋይሉ የሚዘገየው በአብዛኛው የሲቪል ሆስፒታል ወረቀት ስለሚጎድል ነው።

ትዕግሥት ፍሬ ያፈራል ለማለት ሁለት ሰው ይበቃል። የአየር ኃይሉ አብራሪ ዲክ ስሌተን በ1962 በልብ ምት መዛባት ከጠፈር በረራ ወረደ፤ በ1972 ተፈቀደለት፣ በ1975 በ51 ዓመቱ ጠፈር ወጣ። የባሕር ኃይሉ አላን ሼፐርድ የውስጥ ጆሮ ሕመም አውርዶት ቆይቶ፣ በቀዶ ሕክምና ድኖ በ1971 ጨረቃ ላይ ቆመ።

ሕመሜን ባልናገርስ? ማን ያውቃል?

የመድኃኒት ቤትና የኢንሹራንስ መዝገብ ያውቃል። ሆን ብሎ ደብቆ መፈረም ከሕመሙ የከበደ ጥፋት ነው፤ ልዩ ፈቃድ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ጉዳይ ወደ ሕግ ጥሰት ይቀይረዋል። በእኛ ዘንድ በተለይ ድባቴና ጭንቀት ይደበቃሉ፤ «እብድ ነው» እንዳይባል። አንድ የምክር አገልግሎት መሄድ ከበረራ አያወርድም ብለን በጅምላ አንናገርም፤ በጊዜ ለሐኪም የታየ ጭንቀት ግን ብዙ ጊዜ ወደ በረራ ያስመልሳል፣ ተደብቆ የከረመው ግን አብራሪውን ኮክፒት ውስጥ ያገኘዋል።

ለመጀመሪያው ምርመራ እንዴት ልዘጋጅ?

የክትባትና የቀዶ ሕክምና ሰነዶችን ሁሉ፣ በአማርኛ የተጻፈ ካለ ከነትርጉሙ ይያዙ። የዓይን ሌንስ የሚያደርጉ ከሆነ ለስላሳውን ከ30 ቀን በፊት፣ ጠንካራውን ከ90 ቀን በፊት ያውልቁ፤ ሌንስ የዓይንን ቅርጽ ለጊዜው ይለውጣል። ከመስሚያ ምርመራው በፊት ለ14 ሰዓት ከከፍተኛ ድምፅ ይራቁ። ለዓይን የሚደረገው ጠብታ እይታን ስለሚያደበዝዝ የሚነዳልዎት ሰው ይኑር። ደም የሚቀዳው በባዶ ሆድ ከሆነ ውኃ ግን ይጠጡ።